ቅቤው ይቅር፣ ኮሰረቱ ይምጣ

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ጥያቄሽ «እናቴ ከአዲስ አበባ በዱባይ አድርጋ ኦክላንድ ልትመጣ ነው። ቅቤ፣ ማር፣ ቋንጣ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና ካልያዝኩ አልመጣም ብላለች። ኤርፖርት ላይ ችግር ይኖራል ወይ?» ነው። «እኔ ሁሉንም አስገብቻለሁ፣ ማንም አልነካኝም» ያላችሁ ሰዎች እድለኞች ናችሁ። እኛ ቤት እድሉ አልሰራም። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

እናቴ የመጣች ጊዜ ትኬቱን የቆረጠላት ቢሮ «የመግቢያውን ቅጽ እኛው እንሞላለን» አለ። አንድ ስራ ቀነሰልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ለካ ሁሉንም ጥያቄ «የለም» እያሉ ነው የሞሉት። ምግብ? የለም። የእንስሳት ውጤት? የለም። እሷ እንግሊዝኛ አታነብም። መርቃቸው ወጣች።

ኦክላንድ ላይ ሻንጣዋ በኤክስሬይ አለፈ። ሰራተኛዋ ከፈተችውና የሽሮውን ከረጢት ጨበጥ ጨበጥ አደረገችው። መሀሉ ላይ ጠንከር ያለ ነገር አለ። እጇን ሰደደች። በሶስት ፌስታል ተጠቅልሎ፣ በፕላስተር የታሸገ አንድ ዕቃ ሙሉ ቅቤ ወጣ። እናቴ በኋላ «ቢፈስ ሽሮው ይመጠዋል፣ ልብሴ አይነካም ብዬ ነው» አለችኝ። አምናታለሁ። ግን ከውጭ ለሚያየው ሰው ከዚህ የባሰ መደበቅ ከየት ይመጣል? ቅጹ ላይ «የለም» ተብሏል፣ ቅቤው ሽሮ ውስጥ ተቀብሯል። 400 የኒውዚላንድ ዶላር ቀጧት። እኔ አበባ ይዤ ውጭ ቆሜያለሁ። እሷ ዓይኗ ቀልቶ፣ የቅጣት ወረቀቱን እንደ ደብዳቤ አጥፋ ይዛ ወጣች።

አንድ ነገር ያዢ። የ400 ዶላሩ ቅጣት ቅቤ ስላመጣች አይደለም። «የለም» ስለተባለ ነው። «አዎ፣ ቅቤ አለኝ» ብትል ኖሮ ቅቤውን ይወስዱት ነበር፣ እሷ በሰላም ትወጣ ነበር። አውቆ ለማሳለፍ የሞከረ ሰው ደግሞ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል። እዚያ ቅጣቱ እስከ 100,000 ዶላርና እስከ 5 ዓመት እስራት ይደርሳል።

«ለአንድ ኪሎ ቅቤ ይሄ ሁሉ?» ማለትሽ አይቀርም። እኔም ብያለሁ። ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ይቺ አገር ደሴት ናት፣ የምትኖረውም በላም ነው። ወደ ውጭ ከምትሸጠው ዕቃ ትልቁ የወተት ውጤት ነው። የአፍና የእግር በሽታ የሚባለው ደግሞ እዚህ ገብቶ አያውቅም። እኛ አገር ከብት ያረባ ሁሉ ያውቀዋል። የላሟ አፍ ይቆስላል፣ ለሃጯ ይዝረበረባል፣ ታነክሳለች፣ ወተቷ ይነጥፋል። ቫይረሱ በስጋና በወተት ውጤት ይጓዛል። ስለዚህ ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ ቤት የተሰሩ ከሆነ አትልፊ። ተዪያቸው። ማርም እንደዚያው፣ የንብ በሽታ በማር ውስጥ ስለሚተላለፍ ነው። ንቦቻቸውን የሚፈጀው ቫሮዋ የሚሉት ጥገኛ እ.ኤ.አ. በ2000 ገብቶ አሁንም አልወጣም። ስለዚህ በማር ነገር ቀልድ አያውቁም።

ፍራፍሬማ አታንሺው። በጃንዋሪ 2025 እዚሁ ኦክላንድ፣ ፓፓቶይቶይ ሰፈር፣ ወጥመድ ውስጥ አንድ ወንድ የፍራፍሬ ዝንብ ተገኘ። አንድ! ሰፈሩ ተከለለ፣ ፍራፍሬና አትክልት ከዚያ እንዳይወጣ ታገደ። ጓደኛዬ እዚያ ነው የሚኖረው። የጓሮውን ሎሚ በየሳምንቱ ያመጣልኝ ነበር፣ ያኔ ሳምንታት ቆመ። እና ለእናትሽ አጥብቀሽ ንገሪያቸው፤ አውሮፕላን ላይ የሚሰጥ ፖም፣ ዱባይ የተገዛ ሙዝ፣ ቦርሳ ውስጥ ገብቶ የተረሳ ብርቱካን ያስቀጣል። እናቶቻችን ምግብ መጣል ስለማይወዱ የሚያዙት በዚህ ነው። ካልበሉት አውሮፕላኑ ላይ ትተውት ይውረዱ። ከተረሳም ከፍተሻው በፊት መጣያዎች አሉ። እዚያ የጣለ ሰው አይጠየቅም።

አሁን ወደሚገባው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ የጤፍ ዱቄት፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የተቆላ ቡና፤ እነዚህን እኛ አሳውቀን በተደጋጋሚ አስገብተናል። ብልሃቱ መፈጨትና መቆላት ነው። መሬት ላይ ቢወድቅ ሊበቅል የሚችል ነገር ለእነሱ ዘር ነው። ፌጦ ዘር ነው። ጥቁር አዝሙድ፣ ኮረሪማ ከነፍሬው፣ አብሽ፣ ሁሉም ተፈጭቶ ይምጣ። ቡናውም አዲስ አበባ ይቆላ። አውቃለሁ፣ እናትሽ «እዚያ ደርሼ ካልቆላሁት ምኑን ቡና ሆነ» ይላሉ። የአክስቴም ክርክር ይሄው ነበር።

ነቀዝ ደግሞ አለ። ሽሮው ውስጥ አንዲት ነቀዝ ከታየች ከረጢቱ በሙሉ ሊሄድ ይችላል። ከመታሸጉ በፊት ይነፋ። እያንዳንዱ ከረጢት ላይ ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ይጻፍበት። ለማያውቅ ሰው በርበሬና ቀይ አፈር አንድ ናቸው።

ስለ አፈር ካነሳን፣ እምነት። ከገዳም የመጣ እምነት ካላቸው ለኦፊሰሩ አፈር ነው፣ አፈር ደግሞ አይገባም። ጠበልም ቢሆን ቅጹ ላይ ውሃ ራሱ ይጠየቃል። ይሄ ለማስረዳት በጣም ከባዱ ነው። እናቴ ቅቤውን በሳምንት ረሳችው፣ እምነቱን ግን እስከ ዛሬ ታነሳዋለች። እናትሽ መሳለም ከፈለጉ እዚያው ተሳልመው፣ ተቀብተው ይምጡ።

መሶብ፣ ሙዳይ፣ ሙቀጫ፣ ከበሮ የያዘ ሰውም ያሳውቅ። ሳርና እንጨት ላይ ነፍሳት ይፈልጋሉ። ከበሮ ላይ ቆዳው በደንብ ካልለፋ፣ ጸጉርም ከቀረበት፣ ጉዳይ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን አንዳንዱን በራስሽ ወጪ በመድኃኒት አስታክመው ይሰጡሻል፣ አለዚያ ትመልሺዋለሽ ወይም ይወገዳል።

ቅጹን ራስሽ ሙዪላቸው። ልጅ ለእናቱ መሙላት ይችላል። ኦንላይን ነው፣ ጉዞው ሊጀመር 24 ሰዓት ሲቀረው ጀምሮ ይሞላል፣ ነጻ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካጋጠመሽ ዝጊው። ባለፉት 30 ቀናት ገጠር ወይም እርሻ ቦታ ነበሩ ወይ፣ ከእንስሳት ጋር ተነካክተዋል ወይ የሚል ጥያቄ አለ። እናትሽ ዘመድ ሊሰናበቱ ገጠር መውረዳቸው አይቀርም። «አዎ» በዪ። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ነገር ጫማ ማየት ነው። ሶሉ ላይ ጭቃ ካለ ይታጠባል። አዲስ አበባ ተፍቆ ቢመጣ ይሻላል።

ከእናቴ በኋላ አክስቴ መጣች። ያን ጊዜ በአንድ ገጽ ወረቀት የያዘችውን ሁሉ በእንግሊዝኛ ጻፍኩላት። ሽሮ፣ የሽምብራ ዱቄት ከቅመም ጋር፣ 3 ኪሎ። በርበሬ፣ የተፈጨ ቃሪያና ቅመም፣ 4 ኪሎ። እንዲህ እያልኩ ወረድኩ። ወረቀቱን ፓስፖርቷ ውስጥ አስቀመጠች። ኦፊሰሩ አነበበ፣ ሶስት ከረጢት ከፍቶ አየ፣ አለቀ። የወሰደባት አንድ እስር እርጥብ ጤና አዳም ብቻ ነው። ከሁሉም ያስደነገጣት ውሻው ነበር። ትናንሽ ጆሮ ረጃጅም ውሾች አሉ፣ ሻንጣ እያሸተቱ ይዞራሉ፣ የሆነ ነገር ሲሸታቸው አጠገብሽ ቁጭ ይላሉ። አክስቴ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ስትሸሽ ሌላ ነገር መሰለ። ለእናትሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ አይነክስም፣ ዝም ብለው ይቁሙ።

ቅቤውን በተመለከተ፣ የኒውዚላንድ ቅቤ እዚህ ሱፐርማርኬት ሞልቷል፣ ጥሩ ቅቤ ነው። እናትሽ የደረቀና የተፈጨ ኮሰረት፣ በሶብላና ኮረሪማ ይዘው ይምጡ። ያንቺው ኩሽና ውስጥ ያንጥሩት። እናቴ ሶስት ወር ተቀምጣ ሁለት ትልቅ ባልዲ ሙሉ አንጥራልኝ ሄደች። በየጊዜው ስታነጥር ድስቱ ላይ ጎንበስ ትልና ታሸተዋለች። ከዚያ «ቅቤስ ቅቤ ነው፣ የላም ሽታ ግን የለውም» ትላለች።