ካኔዳ፣ ኢናኦ ወይስ ሳሳኪ?

ወንድሜ፣ «ካኔዳ 400 ጨዋታ አሸንፏል፤ የዛሬ ወርዋሪዎች አጠገቡም አይደርሱ፤ ታዲያ ምኑን እናወዳድራለን?» ብለህ ለጠየቅከው የመሰለኝን ልበል። ካኔዳ የጃፓን ቤዝቦል የድሮ ዘመን ወርዋሪ ነው፤ ወርዋሪ ለመቺው ኳስ የሚወረውረው ተጫዋች ነው፣ ቡድኑ ሲያሸንፍ ድሉ በአንድ ወርዋሪ ስም ይመዘገባል። ጃፓን ስኖር ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ቤዝቦልን ያስለመዱኝ አብረውኝ የሚሠሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ኤፕሪል 17 ቀን 2022 ቺባ ስታዲየም ነበርኩ። ወርዋሪው የ20 ዓመቱ ሮኪ ሳሳኪ ነው። ከሳምንት በፊት አንድም ሰው ቤዝ (መቺ ሮጦ የሚደርስበትን ማረፊያ) ሳያስረግጥ፣ 19 መቺ በስትራይክአውት (ሦስት ስትራይክ ቆጥሮበት) አስወጥቶ ሙሉ ጨዋታ ጨርሷል። ያን ቀንም 8 ኢኒንግ ወረወረ፤ ኢኒንግ ዙር ነው፣ እኩል ካልሆኑ በቀር ጨዋታው ዘጠኝ አለው፣ በየዙሩ ሦስት መቺ ይወጣል። 24 መቺ መጣ፣ 24ቱም ተመለሱ። ከዚያ አሰልጣኙ ቀየረው። 102 ኳስ ወርውሯል፣ ይበቃዋል ተባለ። ስታዲየሙ አጉረመረመ። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት የሻይ ጠርሙሳቸውን ክዳን እየከፈቱ እየዘጉ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ዞር ብለው «ኢናኦ ቢሆን አይወርድም ነበር» አሉኝ። ቡድኑ በ10ኛው ኢኒንግ 1 ለ 0 ተሸነፈ።

ቤቴ ገብቼ ስለ ኢናኦ ማንበብ የጀመርኩት ያን ማታ ነው። ካዙሂሳ ኢናኦ የቤፑ ዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው፤ ጀልባ እየቀዘፈ ያደገ። በ1958 የጃፓን ሲሪዝ፣ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ዋንጫ በሚወስድበት ፍጻሜ፣ ቡድኑ ኒሺቴትሱ ላየንስ በጃያንትስ ሦስት ጨዋታ ተሸነፈ። አንድ ቢደገም አበቃ። የቀሩትን አራቱንም አሸነፉ፤ የአራቱም አሸናፊ ወርዋሪ ኢናኦ ነው። ከሰባቱ ጨዋታ በስድስቱ ወርውሯል። አምስተኛውን የጨረሰው ደግሞ ራሱ በመታው ሆምራን (ከሜዳው አጥር ባለፈ ኳስ) ነው! ሰዉ «እግዜር፣ ቡድሃ፣ ኢናኦ» እያለ ስሙን ከአምላክ ጋር ጠራው። በ1961 ብቻ 42 ጨዋታ አሸነፈ። በ1964 ትከሻው ተጎዳና አንድም አላሸነፈም።

እንግዲህ የድል ቁጥር የሚነግርህ የዚያን ዘመን ክንድ ስንት እንዳሠሩት ነው። ከሳሳኪ 42 ድል መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ጃፓን ሳለ የሚወረውረው በሳምንት አንዴ ነበር።

ካኔዳን ግን አቅልዬ አላየውም። አብዛኛውን ድሉን ያገኘው ደካማ በነበረው በኮኩቴትሱ ቡድን ነው። 14 ዓመት በተከታታይ 20 እና ከዚያ በላይ አሸንፏል። 4,490 ስትራይክአውቱን በጃፓን እስከ ዛሬ የነካው የለም። 298 ሽንፈቱንም ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ያን ያህል የተሸነፈ ሰው ያን ያህል ጊዜ ኳስ ተሰጥቶታል ማለት ነው።

ከእነሱ በፊት የነበረውን ወርዋሪ፣ ሳዋሙራን፣ ማንም አለማንሳቱ ከንክኖኛል። በ1934፣ ገና በ17 ዓመቱ፣ የአሜሪካ ኮከብ መቺዎቹን ቤብ ሩትንና ሉ ጌሪግን በስትራይክአውት ያስወጣ ልጅ ነው። በ1944 የተሳፈረባት መርከብ ተመትታ ሞተ። በስሙ የሚሰጠው የወርዋሪዎች ሽልማት ለረጅም ጊዜ ከጠየቃቸው መመዘኛዎች አንዱ እስከ መጨረሻው የወረወሩት 10 ጨዋታ ነበር። በ2019 ሽልማቱ የሚገባው ሰው ጠፍቶ ለማንም አልተሰጠም።

የግድ አንዱን ምረጥ ካልከኝ ኢናኦን እመርጣለሁ፤ ለዚያች ለ1958 ጥቅምት። ሳሳኪን የቀየረውን አሰልጣኝ ግን አልወቅስም፤ የ1964ቱን ትከሻ ካነበብኩ በኋላ አልችልም።