ለ11ኛ ክፍል ምን ላስነብባቸው?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ አራት ኪሎ አካባቢ የግል ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፣ ዘንድሮ የ11ኛ ክፍልን የዓለም ሥነ ጽሑፍ ኮርስ አንቺ ያዢው፣ መጽሐፉንም ራስሽ ምረጪ አሉኝ። ወላጆች ሼክስፒር ይግባ ይላሉ፣ ልጆቹ ደግሞ ወፍራም መጽሐፍ ሲያዩ ገና ሳይገልጡት ይደክማቸዋል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ስመ ጥር ደራሲ እየቆጠርሽ አትምረጪ። ትልቁን መጽሐፍ ሰጥተሻቸው ማጠቃለያውን ከቴሌግራም አውርደው ለፈተና ከሚሸመድዱት፣ አጭሩን እስከ መጨረሻው አንብበው ቢከራከሩበት በስንት ጣዕሙ።

እኔ ብሆን የምጀምረው በጎጎል "ዘ ኦቨርኮት" ነው። በ1842 እ.ኤ.አ. የወጣ የሩሲያ አጭር ልቦለድ ነው፣ ክፍል ውስጥ ጮክ ተብሎ ይነበባል። አካኪ የሚባል ምስኪን ጽሑፍ ገልባጭ ካፖርት ለማሰፋት ብሎ የማታ ሻዩን ይተዋል፣ ሻማ አያበራም፣ የጫማው ሶል ቶሎ እንዳያልቅ ድንጋዩን በጣቱ ነው የሚረግጠው፣ እንደዛ ሆኖ ያሰፋውን ካፖርት ለብሶት በወጣ በመጀመሪያው ቀን ማታ ይቀሙታል። አቤት ሊል ቢሄድ ባለሥልጣኑ ጮሆበት ያስወጣዋል። እናትና አባቱ ለአንድ ማህተም ቢሮ ለቢሮ ሲንከራተቱ ያየ ልጅ ይሄን ለመረዳት የሩሲያ ታሪክ ማጥናት አያስፈልገውም።

ከዛ የናይጄሪያዊውን ደራሲ የአቼቤን "ቲንግስ ፎል አፓርት" አስከትይ፣ 1958 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። ዋናው ባለታሪክ ኦኮንክዎ፣ እሱን አባቴ እያለ የሚጠራውን ልጅ የሚገድልበት ቦታ ስትደርሱ መጽሐፉን አስዘጊያቸው። አንድ የመንደሩ ሽማግሌ በግድያው እጅህን አታስገባ ብሎት ነበር እኮ፣ ግን ደካማ ነው እንዳይሉኝ ብሎ ፈራ። እናንተ ብትሆኑስ በያቸው፣ ክፍለ ጊዜው አይበቃሽም።

ሴት ደራሲ ሳትጨምሪ እንዳታልፊ። የሴኔጋሏ ማሪያማ ባ በ1979 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይኛ ያሳተመችው "ሶ ሎንግ ኤ ሌተር" ቀጭን መጽሐፍ ነው፣ ባሏ የሞተባት ሴት ለጓደኛዋ የምትጽፈው ደብዳቤ። ሰውየው በሕይወት እያለ የገዛ ልጁን ጓደኛ አግብቶባት ነበር፣ ስለዚህ ወላጅ እንዳይደነግጥ ለዳይሬክተሩ ቀድመሽ ንገሪ።

ሼክስፒርንም አትተዪው፣ ግን ሙሉውን አታሸክሚያቸው። "ኦቴሎ"ን ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሶታል፣ ተንኮለኛው ኢያጎ ኦቴሎን ስለ ሚስቱ ማጠራጠር የሚጀምርበትን የሦስተኛውን ገቢር ትዕይንት በሁለቱም ቋንቋ ተነስተው ይተውኑት።

ለኮፒው አትጨነቂ፣ የጎጎል የድሮ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ኢንተርኔት ላይ በነፃ አሉ፣ አውርደሽ ፕሪንት አድርጊ። አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም እዛው አጠገብሽ ነው፣ ልጆቹን ከመውሰድሽ በፊት ራስሽ ሄደሽ የትኞቹ መጻሕፍት እንዳሉ እይ።