ቃሉን ለመስበክ ለተነሣችሁ የድሬ ዳዋ ልጆች

የተወደዳችሁ ልጆች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

አንዳንዶቻችሁ በወጣቶች ፕሮግራም፣ አንዳንዶቻችሁ በቤት ኅብረት፣ ጥቂቶቻችሁም በእሑዱ ጉባኤ ቃሉን ማካፈል ጀምራችኋል። ጥያቄያችሁም ተመሳሳይ ነው፦ «ስብከቴ ለዛሬ ሰው እንዲደርስ ምን ላድርግ?» መልሴ አጭር ነው። ክፍሉ መጀመሪያ ለማን እንደተነገረና ያ ሰው ምን እንደሰማ እስክታገኙ ድረስ ለድሬ ሰው ምን እንደሚል አታገኙም። ከምንባቡ ቀድሞ ወደ ሰሚው የሚሮጥ ሰባኪ የራሱን ሐሳብ ይዞ ይመጣና ጥቅስ ያለብሰዋል።

በደፈናው ብነግራችሁ አይጠቅማችሁም። አንድ ክፍል እንያዝና እናገላብጠው፤ ማቴዎስ 7፥24-27፣ ሁለቱ ቤት ሠሪዎች፦ አንዱ በዓለት ላይ፣ ሌላው በአሸዋ ላይ ሠራ፤ ጎርፍ ሲመጣ የአሸዋው ወደቀ። ከልጅነት ጀምሮ የምታውቁት ክፍል ስለሆነ መረጥኩት። ሰባኪን ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው የማያውቀው ክፍል ሳይሆን «ይህን እንኳ አውቀዋለሁ» ብሎ ሳያነብ የሚያልፈው ነው።

ስብከቱ እሑድ ከሆነ ሥራው ሰኞ ይጀምራል። አራቱን ቁጥር ብቻ አታንብቡ። ከምዕራፍ 5 ተነሥታችሁ እስከ ምዕራፍ 7 መጨረሻ ድረስ በአንድ መቀመጫ፣ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። 111 ቁጥር ነው፤ ሃያ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ማክሰኞም ረቡዕም ድገሙት። አራቱን ቁጥር ደግሞ በእጃችሁ ደብተር ላይ ገልብጡ። ስልክ ላይ ጣት እያንሸራተቱ የሚያልፉትን ቃል እጅ ሲጽፈው አያልፈውም። እንዲህ ስታደርጉ የመጀመሪያው ቃል ራሱ ያስቆማችኋል፦ «ስለዚህ»። ከፊቱ የተባለ ነገር አለ ማለት ነው። ቀጥሎ «ይህን ቃሌን» ይላል። የትኛውን ቃል? አሁን በተራራው ላይ ተናግሮ የጨረሰውን፦ በወንድም ላይ ስለ መቆጣት፣ በዐይን ስለሚደረግ ምንዝር፣ ስለ መሐላ፣ ጠላትን ስለ መውደድ፣ በስውር ስለሚሰጥ ምጽዋት፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ነገ መጨነቅ፣ በሰው ላይ ስለ መፍረድ። ቤት ሠሪዎቹ የዚህ ሁሉ መደምደሚያ ናቸው። ክፍሉን ከዚያ ነጥላችሁ «ለኑሯችሁ ጠንካራ መሠረት ጣሉ» ብላችሁ ስለ ትምህርት፣ ስለ ንግድና ስለ ትዳር ከሰበካችሁ የተናገራችሁት መልካም ምክር ሊሆን ይችላል፤ ኢየሱስ የተናገረው ግን አይደለም።

በዚህ ክፍል ላይ ደጋግሞ የሚታይ ስሕተት «ዓለቱ ክርስቶስ ነው፤ ስለዚህ እመኑ» ብሎ መጨረስ ነው። ክርስቶስ ዓለት መባሉ በሌላ ቦታ አለ፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 10፥4ን ተመልከቱ። እዚህ ግን ሁለቱን ሰዎች የለየው ነገር በግልጽ ተጽፏል፦ አንዱ ሰምቶ ያደርጋል፣ አንዱ ሰምቶ አያደርግም። ሁለቱም ሰምተዋል፤ ስለዚህ ሁለቱም ጉባኤው ውስጥ ተቀምጠዋል። የሌላውን ክፍል ትክክለኛ ትምህርት እዚህ ላይ ስታመጡበት የዚህኛውን ስለት ታደንዛላችሁ። በሌላ በኩል «ጠንክራችሁ ሥሩ፣ አለዚያ ትወድቃላችሁ» ብላችሁ ብቻ ከወረዳችሁም ምንባቡን አልሰበካችሁትም። የኢየሱስ የተራራው ስብከት የተከፈተው «በመንፈስ ድሆች የሆኑ ብፁዓን ናቸው» በሚል ነው። ወደ መጨረሻው ሲቃረብም ለሚለምኑት መልካም ነገር የሚሰጥ አባት አለ፣ 7፥11። ማድረጉ ባዶ እጁን ለአባቱ ከዘረጋ ሰው የሚወጣ ማድረግ ነው። ይህን ለማየት ነው ሦስቱንም ምዕራፍ አንብቡ ያልኳችሁ።

አሁን ወደ አንድ ቃል ልውሰዳችሁ። በ1954 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ቤቱን በአሸዋ ላይ የሠራው «ሰነፍ ሰው» ተብሏል። ዛሬ ከተማ ውስጥ ያደገ ልጅ «ሰነፍ» ሲባል የሚሰማው ሥራ የማይወድ፣ ትምህርት የማይገባው፣ ተኝቶ የሚውል ሰው ነው። ሰባኪውም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ይሰማና ስንፍና ላይ ግማሽ ሰዓት ይናገራል። ግን ተቃራኒውን እዩ፤ ዓለት ላይ የሠራው «ትጉህ» አልተባለም፣ «ልባም» ነው የተባለው። ልብ ያለው፣ አስተዋይ ማለት ነው። እንግዲህ «ሰነፉ» ልብ የጎደለው፣ የማያስተውለው ሰው ነው። በዚያው መጽሐፍ ቅዱስ መዝሙር 14፥1 «ሰነፍ በልቡ፦ አምላክ የለም ይላል» ሲል ሰውየው ሥራ ፈት ነው እያለ አይደለም። አሸዋ ላይ የሠራው ሰው ቤቱን ለማቆም ደፋ ቀና ብሎ፣ ላቡን አፍስሶ ሊሆን ይችላል። ቃሉ ከአያቶቻችን አማርኛ ወደ እኛ ሲደርስ ትርጉሙ ተንሸራቷል። ለዚህ ነው ቢያንስ ሁለት የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ጎን ለጎን ዘርግታችሁ አንብቡ የምላችሁ፤ አፋን ኦሮሞ የምታነቡ ደግሞ ሦስተኛ አላችሁ። ትርጉሞቹ የተለያዩበትን ቦታ በእስክሪብቶ አስምሩ፤ የሚጠናው እዚያ ነው።

ሉቃስ 6፥47-49 ላይም ይኸው ምሳሌ አለ። እዚያ ሰውየው አጥልቆ ይቆፍራል፣ ሌላው ያለ መሠረት በምድር ላይ ይሠራል። ማቴዎስ ስለ መቆፈር አንድም ቃል አይናገርም። ማቴዎስን አንብባችሁ በሉቃስ ቁፋሮ ሃያ ደቂቃ የምትሰብኩ ከሆነ መጀመሪያውኑ ሉቃስን አንብቡላቸው። ተከታትሎ የሚያነብ ምእመን ጣቱን ቁጥሩ ላይ አድርጎ ያላችሁትን ይፈልጋል፤ ሲያጣው እምነቱን ከእናንተ ላይ ያነሣል፤ ማንሣቱም ተገቢ ነው።

ወደ ጎርፉ ልምጣ። እዚህ ላይ የድሬ ሰባኪ ትልቅ ጸጋ አለው። ኢየሱስ ያስተማረበት አገር ብዙ ሸለቆዎች በበጋ ደርቀው አሸዋና ጠጠር የሚሆኑ፣ ዝናብ ሲመጣ በድንገት የሚሞሉ ናቸው። ኢየሱስን የሰሙት ሰዎች ይህን ሳይነገራቸው ያውቁታል፤ ሰሚዎቻችሁም እንደዚሁ። እኩለ ቀን ላይ ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ ስትሻገሩ ቆም ብላችሁ የደቻቱን ወንዝ እዩት። አሸዋው የተደላደለ፣ ደረቅ፣ ለእግር የሚመች ነው። ሰው በላዩ ይሻገራል፣ ሸክሙን አውርዶ ያርፋል፣ ልጆች ኳስ ያንከባልሉበታል። ውኃ አልፎበት የሚያውቅ አይመስልም። ጎርፉም ሲመጣ እናንተ ካላችሁበት ሰማይ ላይመጣ ይችላል፤ ከላይ በደጋው የዘነበው ነው የሚወርደው። አሸዋ ላይ የሠራው ሰው በበጋ የሠራ ሰው ነው። በበጋ ሁለቱ ቤቶች አይለዩም። ምንባቡም የአንዱ ቤት ያማረ፣ የሌላው የተንጋደደ ነበር አይልም። ዝናቡ፣ ጎርፉና ነፋሱ ለሁለቱም እኩል መጥቷል፤ ለሰማውና ላደረገው ሰው ጎርፍ አልቀረለትም። «ታዘዙ፣ ችግር አይነካችሁም» የሚል ተስፋ ከዚህ ክፍል አታወጡም።

ግን ተጠንቀቁ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሰው በተኛበት ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ነፍስ አጥፍቷል። ልጇን ያጣች እናት፣ ያለ ወላጅ ያደገ ወጣት ከፊታችሁ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ያን ሌሊት አንሥታችሁ «አሸዋ ላይ የሠራ እንዲህ ይወሰዳል» ካላችሁ በሟቾቹ ላይ ፈርዳችኋል። ወንዝ ዳር የኖሩት ብዙዎቹ ሌላ ቦታ ስላልነበራቸው ነው የኖሩት፤ ማስተዋል ስለጎደላቸው አይደለም። ጌታ ራሱ በሉቃስ 13፥4 የሰሊሆም ግንብ ስለ ወደቀባቸው አሥራ ስምንት ሰዎች ሲናገር እንዲህ ያለውን ፍርድ ከልክሏል። ደረቁን ወንዝ ለስብከታችሁ ውሰዱ፣ ሌሊቱን ግን ተዉት። ያን ሌሊት ማንሣት ካለባችሁ ከሚያለቅሱ ጋር ለማልቀስ ይሁን። ለከተማው ሰው መስበክ ማለት የከተማውን ስም መጥራት ብቻ መስሏችሁ እንዳትሳሳቱ፤ የጠራችሁት ስም የትኛውን ቁስል እንደሚነካ ማወቅም ነው።

ሐሙስ ዕለት በአንድ ወረቀት ላይ አምስት ሰሚ ጻፉ። ስም አትጻፉ፤ ኑሯቸውን ጻፉ። ሌሊቱን ባጃጅ ሲነዳ አድሮ የመጣ፤ ቀፊራ ገበያ አትክልት የምትሸጥ እናት፤ ተመርቆ ሁለት ዓመት ቤት የተቀመጠ ልጅ፤ ከወንድሙ ጋር በውርስ የተኳረፈ አባወራ፤ እናቷና እኅቶቿ ሙስሊም የሆኑ ወጣት። ለእያንዳንዳቸው «ይህ ቃል ሰኞ ጠዋት ምን ያስደርገዋል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ግን ከምዕራፍ 5 እስከ 7 ካለው ብቻ አውጡ። ለአባወራው 5፥23-24 አለ፤ መባውን ትቶ አስቀድሞ ይታረቅ። ለቀፊራዋ እናት 5፥37 አለ፤ ዋጋ ስትጠራ አዎን አዎን፣ አይደለም አይደለም ትበል፤ በድሬ ገበያ ያለ መሐላ ዕቃ መሸጥ ምን ያህል እንደሚከብድ እናንተም ታውቃላችሁ። ለወጣቷ ደግሞ 5፥47 አለ፦ «ወንድሞቻችሁንም ብቻ እጅ ብትነሡ ምን ብልጫ ታደርጋላችሁ?» ከተማችን ውስጥ አንድ ግቢ ለሁለት ሃይማኖት ነው፤ ሰላምታ ሲቀር ግቢው ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህም መድረክ ላይ የጎረቤትን እምነት የሚያቃልል ቃል አታውጡ። ጭብጨባው እናንተ ጋ ይቀራል፤ ዋጋውን የምትከፍለው ያቺ ልጅ ናት፣ ማታ ከእናቷ ጋር ማዕድ ስትቀርብ።

ከአምስቱ መልሶች እሑድ ሁለቱን ብቻ ተናገሩ። አምስቱንም የሰማ ሰው አንዱንም ይዞ አይሄድም።

ዓርብ ስብከቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉት። ለምሳሌ፦ «ኢየሱስን ሰምቶ አለማድረግ በበጋ የማይታይ፣ ጎርፍ ሲመጣ ግን የማይሸሸግ ውድቀት ነው።» በዚህ ሥር የማይገባ ነገር ሁሉ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ይውጣ። 30 ደቂቃ ከተሰጣችሁ ለመግቢያ ከ3 ደቂቃ በላይ አታውሉ። ምንባቡን ለማስረዳት 15፣ ለኑሮ ለማድረስ 10 ይሁን፤ የቀረው ለጸሎት ነው። በአፋን ኦሮሞ የሚተረጎም ከሆነ 30 ደቂቃው ለእናንተ 15 ብቻ ነው፤ ይህን ቀድሞ ያላሰበ ሰባኪ መጨረሻው ላይ ይሮጥና ዋናውን ይጥላል። ለአስተርጓሚው ምንባቡን፣ ዐረፍተ ነገራችሁንና እንደ «ልባም» ያሉትን ከባድ ቃላት ቅዳሜ ስጡት። ዐረፍተ ነገር አሳጥሩ። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ከመሀል ከቆረጣችሁበት የሚይዘው ነገር የለውም።

ማስታወሻችሁ ወረቀት ላይ ይሁን። ስልክ ይደበዝዛል፣ መልእክት ይገባበታል። የድሬን ሙቀትም አትርሱ፤ ረፋዱ እየገፋ ማራገቢያው ድምፃችሁን ሲውጠው መጮኽ አይረዳም፣ ማይኩን ወደ አፋችሁ አቅርባችሁ ረጋ ማለት ይረዳል። «አሜን አላላችሁም» እና «ጎንህ ላለው እንዲህ በለው» የሚሉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት ያልተዘጋጀንበት ቦታ ላይ ስንደርስ ነው። እነዚህን የተናገራችሁበትን ቦታ ከስብከቱ በኋላ ማስታወሻችሁ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ድካማችሁ የት እንዳለ ያሳያችኋል።

ከቴሌግራም ወይም ከዩቲዩብ የሌላ ሰው ስብከት ሰምቶ መማር መልካም ነው። ግን ቅዳሜ ማታ ከሆነ አትስሙ፤ እሑድ የእርሱን ድምፅ ይዛችሁ ትወጣላችሁ።

ከምንባቡ በፊት ያለውን 7፥21-23ንም ሳታነቡ መድረክ አትውጡ። በዚያ ቀን የሚያፍሩት በስሙ ትንቢት የተናገሩ፣ አጋንንት ያወጡ፣ ተአምራት ያደረጉ ሰዎች ናቸው፤ ማለትም ማይክ የያዙት። ቅዳሜ ተንበርክካችሁ ከሦስቱ ምዕራፍ ያላደረጋችሁትን አንዱን ለይታችሁ በስሙ ጥሩት። የተጣላችሁት ሰው ከሆነ እሑድ ከመድረሱ በፊት ደውሉለት።

ስብከቱ ካለፈ በኋላ «እንዴት ነበር?» ብላችሁ በር ላይ አትጠይቁ፤ ሰው ሁሉ «ተባረክ» ይላችኋል። ማክሰኞ ድረስ ቆዩና ጓደኛችሁ ያልሆነ አንድ ሰው፣ ቢቻል ያቺን የቀፊራ እናት፣ «የእሑዱ ቃል ስለ ምን ነበር?» በሏት። ስለ ደቻቱ ብቻ ከነገረቻችሁ ምሳሌያችሁ ምንባቡን ውጦታል፤ በሚቀጥለው አሳጥሩት። ዐረፍተ ነገራችሁን በራሷ አባባል ከመለሰችላችሁ ደርሷል። «ያኮረፍኳትን ጎረቤቴን ሰላም አልኳት» ካለቻችሁ ግን ስለ ስብከቱ ሌላ ጥያቄ አታንሡ፤ ከሱቋ ደጃፍ ቁጭ በሉና የምትነግራችሁን እስክትጨርስ ስሟት።