የፊንቶናው ፈረስ

ጥያቄ፦ በባቡር ሐዲድ ላይ ፈረስ ሰው ያመላልስ ነበር የሚባለው እውነት ነው? አንዱን ዛሬ ማየት ይቻላል? (አንባቢ፣ ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ እውነት ነው። ያሳደገኝ ባለጋሪ አባት ነውና ጥያቄው ልቤን ነክቶታል። አባቴ ጋሪው ከኮረኮንች አስፋልት ላይ ሲወጣ ልጓሙን ላላ ያደርግ ነበር፤ ፈረሱ ሸክሙ ሲቀልለት ያውቃላ! ብረት ላይ ደግሞ መንኮራኩር አይሰምጥም፣ አይንገጫገጭም። ለዚህ ነው ሐዲድ ከእንፋሎት ሞተር በፊት የነበረው።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ የሰሜን አየርላንዱ የፊንቶና ፉርጎ ነው። ዋናው ባቡር ከተማዋን በጎን ስለሚያልፍ፣ ከጣቢያው እስከ ፊንቶና ያለውን 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ አንድ ፈረስ ይጎትት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1883 የተሠራው ፉርጎ ባለ ፎቅ ነው፤ አንደኛና ሁለተኛ ማዕረግ ከታች ሲቀመጥ፣ ሦስተኛ ማዕረግ ጣሪያው ላይ ዝናብና ነፋስ እየጠጣ ይሄዳል። ፈረሱ ሁልጊዜ ዲክ ይባላል፤ አንዱ ሲያረጅ ተተኪውም ዲክ ነው። ባቡር ሲመጣ እንዳይደነብር ወደ መጠለያ ያስገቡታል፤ ይህን ሳነብ አባቴ መኪና ጡሩምባ ሲነፋ የፈረሱን አንገት የሚያሻሽበት እጁ ታየኝ።

ሥራው ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፤ የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ከገባ ከ40 ዓመት በኋላ! ፉርጎው ዛሬ በቤልፋስት አቅራቢያ፣ በከልትራ የትራንስፖርት ሙዚየም ቆሟል።