መጀመሪያ ማደሪያህን ፈልግ፦ የከባድ መኪና ሾፌሮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሲያትል የሚኖር ወጣት ሲዲኤሉን (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃዱን) ካወጣ ገና 4 ወሩ ነው። የመጀመሪያውን ረጅም ሎድ (ጭነት) ወደ ዴንቨር ሊጭን ነው። ሥራ የሚመድብለት ዲስፓቸር «በ2 ቀን ትገባለህ» ብሎታል። ይቻላል ወይ ይላል።

መልስ፦ አይቻልም ወንድሜ። ወረቀት አውጣና አስላው። መንገዱ 1,300 ማይል ገደማ ነው። ዳገቱን፣ ነዳጁንና ዌይ ስቴሽኑን (የክብደት መመዘኛውን) ጨምረህ በሰዓት 50 ማይል ያዝ። 26 ሰዓት መንዳት ይሆናል። ሕጉ ከ10 ሰዓት ዕረፍት በኋላ 11 ሰዓት ብቻ ነው የሚያስነዳህ። እሱም ሥራ ከጀመርክበት ደቂቃ በሚቆጠር 14 ሰዓት ውስጥ ነው። 8 ሰዓት ከነዳህ የ30 ደቂቃ ዕረፍት ግድ ነው። ስለዚህ የምትገባው በሦስተኛው ቀን ነው። ይህንን ስሌት ሎዱን ከመቀበልህ በፊት ለዲስፓቸርህ በቴክስት ላክለት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ካርታው ላይ ከዴንቨር በፊት ማደሪያህን ፈልግ። የመጀመሪያው ሌሊት ቦይዚ (አይዳሆ) አካባቢ፣ ሁለተኛው ሮክ ስፕሪንግስ (ዋዮሚንግ) አካባቢ ይሁን። ለእያንዳንዱም መጠባበቂያ ያዝ፤ አንድ ከዚያ በፊት፣ አንድ ከዚያ አለፍ ብሎ። ዋዜማውን ጭነህ በአበሻ ሰዓት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስ። እንዲያ ከሆነ ሳይመሽ ትገባለህ። ከመሸ ትራክ ስቶፑ (ትራኮች ቆመው የሚያድሩበት ጣቢያ) ሞልቶ ነው የሚጠብቅህ።

እኔ መንዳት በጀመርኩ ሰሞን ሰዓቴ ሊያልቅ 11 ደቂቃ ሲቀረው ሦስተኛው ትራክ ስቶፕ ውስጥ እዞር ነበር። በየረድፉ ሞተራቸው የሚያጉረመርም ትራኮች ተደርድረዋል፤ አንድም ክፍት ቦታ የለም። መጨረሻ ላይ የሀይዌይ መውጫ ዳር ቆሜ አደርኩ። መኪና ባለፈ ቁጥር አልጋዬ ይንቀጠቀጣል። በበነጋው ዓይኔን እያሸሁ ነው የነዳሁት። ያንን ቀን ሳስበው ዛሬም እፈራለሁ።

በ2009 ጄሰን ሪቨንበርግ የሚባል ሾፌር ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ማድረሻው አካባቢ ቀድሞ ደረሰ። ማቆሚያ ሲያጣ አንድ የተዘጋ ነዳጅ ማደያ ጋ ቆመ። እዚያው በጥይት ተገደለ። የተዘረፈው 7 ዶላር ነው። በ2012 ለትራክ ማቆሚያ የወጣው ሕግ በስሙ ይጠራል። ማቆሚያው ግን እስከዛሬ አልበቃንም። ለዚህ ነው የምጨቀጭቅህ።

በሦስተኛው ቀን ከሮሊንስ እስከ ላራሚ ያለውን ነፋስ ተጠንቀቅ። ኤልክ ማውንቴን አጠገብ ባዶ ወይም ቀላል ትሬለር ይገለብጣል። ሳትነሳ የዋዮሚንግን የመንገድ መረጃ እይ። ጭነትህ ቀላል ከሆነና ነፋሱ ካየለ፣ ቁም።

ጥያቄ፦ «ሪሲቨሩ (ጭነቱን የሚረከበው) ጋ እያራገፍኩ ሳለሁ የመንጃ ሰዓቴ አለቀ። ከግቢ ውጣ አሉኝ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ በፐርሰናል ኮንቬያንስ፣ ማለትም ትራኩን ከሥራ ውጭ ለግል ጉዳይ በመንዳት፣ ቅርብ ወዳለ ደህና ማረፊያ መሄድ ትችላለህ። ወደሚቀጥለው ሎድ ለመጠጋት ብለህ ከሄድክ ግን ጥሰት ነው። ድርጅትህ ይፈቅድ እንደሆነ ሳትጭን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ከቨርጂኒያ ወደ ኒውዮርክ የሚሄድ ሰው የስልክ ጂፒኤስ ይበቃል ወይ ይላል።

መልስ፦ አይበቃም! የትሬለርህ ከፍታ 13 ጫማ ከ6 ኢንች ነው። የስልኩ ጂፒኤስ ግን ትራክ ወደማይገባበትና ድልድዩ ዝቅ ወዳለው ፓርክዌይ ይመራሃል። የትራክ ጂፒኤስ ግዛ።

ጥያቄ፦ እንቅልፍ ለማባረር ጫት ይሻላል ወይስ ኤነርጂ ድሪንክ?

መልስ፦ እንቅልፍ መተኛት ይሻላል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በጥብቅ ከተከለከሉት ዕፆች ምድብ ነው። ከሥራ ሊያስወጣህ፣ ሊያሳስርህም ይችላል። ኤነርጂ ድሪንክ ደግሞ እንቅልፍን ያዘገያል እንጂ አይተካም። ደክሞህ መንዳት ሕጉ ራሱ ይከለክልሃል። ዲስፓቸርህ ካስገደደህ እሱም ጥፋተኛ ነው።

ጥያቄ፦ ከቤት ውጭ ለማድርበት የምግብ ወጪ ከታክስ ይቀነስልኛል?

መልስ፦ ትራኩ የራስህ ከሆነ፣ አዎ። ደመወዝተኛ ከሆንክ ከፌዴራል ታክስ አይቀነስም። ዝርዝሩን አካውንታንትህን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ በጾም መንገድ ላይ ምን ልብላ?

መልስ፦ ከቤት የተቋጠረ ሽሮና ምስር፣ በ12 ቮልት የሚሠራ ማሞቂያ፣ እንጀራው በላስቲክ።

ጥያቄ፦ አንዲት እህት ስለ ባለቤቷ ጻፈችልኝ። 52 ዓመቱ ነው። በኃይል ያንኮራፋል፤ መሃል ላይ ትንፋሹ ቆም ይልና ደንግጦ ይነቃል። ቀን ቀን ቀይ መብራት ላይ እንኳ ያንቀላፋል። ሜዲካል ካርዴን (ለመንዳት ጤነኛ መሆኔን የሚያሳየውን ወረቀት) ይነጥቁኛል ብሎ ሐኪም ጋ አልሄድም ብሏል።

መልስ፦ እህቴ፣ ይህንን ቀልድ አታድርጊው። የጻፍሽው ምልክት የስሊፕ አፕኒያ (በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚያቋርጥ በሽታ) ይመስላል። አረጋግጦ የሚነግራችሁ ግን ሐኪም ብቻ ነው። ከሚቀጥለው ሎድ በፊት ይታይ። ትራኩ ከነሙሉ ጭነቱ እስከ 80,000 ፓውንድ ነው፤ ለሦስት ሰከንድ ማንቀላፋት ስንት ቤት እንደሚያፈርስ አስቢው። ለፍርሃቱ ይህንን ንገሪው፦ በሽታው ያለባቸው ብዙ ሾፌሮች ማታ ማታ የመተንፈሻ ማሽን እየተጠቀሙ፣ ካርዳቸውን ይዘው ይነዳሉ። ማሽኑ ትራክ ውስጥም ይሠራል። ቀጠሮውን አንቺ ያዢለት። ዛሬ ማታ ሲያንኮራፋ ትንፋሹ የሚቆምበትን በስልክሽ ቅረጪና ለሐኪሙ አሰሚው።