ለመጽሔት ልብ ወለድ መሸጥ ለጠየቅሽው፦ ከአርታኢው ይልቅ ሂሳብ ክፍሉን ፍሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። «የጻፍኳቸው አጫጭር ልብ ወለዶች አሉኝ፤ ለመጽሔት መሸጥ እፈልጋለሁ፤ ለመሆኑ ይከፍላሉ?» ብለሻል። «ለጥበብ ፍቅር ጻፊ፣ ገንዘብ አታስቢ» የሚሉሽን እለፊያቸው። የቤት ኪራይ የሚከፍልላቸው ሰው አላቸው መሰለኝ።

እንዴት እንደሚጻፍ አልነግርሽም፤ እሱን ታውቂዋለሽ። እኔ የማውቀው ከተጻፈ በኋላ ያለውን ጣጣ ነው።

1. ፋይሉ። ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ የፓወር ግዕዝ ፎንት የጻፍሽውን እንዳለ አትላኪ። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ታሪክሽ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። አርታኢው ደውሎ አይጠይቅሽም። ይዘጋዋል፣ አለቀ። በዩኒኮድ፣ ማለትም የትም ኮምፒውተር ላይ በሚነበበው ፊደል፣ ጽፈሽ ዎርዱንም ፒዲኤፉንም አብረሽ ላኪ።

2. ርዝመቱ። አንድ ገጽ ከተባልሽ አንድ ገጽ ነው። ካስረዘምሽው የሚቆርጡት ከመጨረሻው ነው። የኔን አንዷን ገዳዩ ሳይታወቅ ጨርሰዋታል። አንባቢዎች «እንዴት ያለ ረቂቅ አጨራረስ ነው!» ብለው ጻፉልኝ። ዝም አልኩ።

3. የት? እዚህ ላይ ብዙ አልልም፣ ብዙም የለማ። እነ መነንና የካቲት የወላጆቻችን ዘመን መጽሔቶች ናቸው። እነ ፋክት፣ ሎሚና አዲስ ጉዳይ በ2006 ክረምት ተከስሰው ከገበያ ወጡ። አዲስ አድማስ ለአጭር ልብ ወለድ ቦታ ሲሰጥ የኖረ ጋዜጣ ነው። ሌላውን አራት ኪሎ ካሉት አዟሪዎች ዘንድ ሄደሽ አገላብጪ። ልብ ወለድ የማያወጣ መጽሔት «ላንቺ ብለን እንጀምራለን» አይልሽም።

4. ክፍያው። እዚህ ጋ ረጋ ብለሽ አንብቢ።

ታሪኬን የተቀበለኝ አርታኢ ጨዋ ሰው ነበር። የመጽሔቱን ስም አልጠራም። ዋጋውን በስልክ ተስማማን፤ ከ3,000 ብር ያነሰ ነበር። ታሪኩ ወጣ፣ «እንኳን ደስ አለሽ» አለኝ። የሚከፍለው ግን እሱ አይደለም። የሚከፍሉት ከኮሪደሩ መጨረሻ ያሉት ሂሳብ ክፍሎች ናቸው። ገባሁ። አንዲት ሴትዮ የቫውቸሩ ጥራዝ ላይ የቡና ስኒዋን አስቀምጣለች። ቀና ሳትል «ምን ፈልገሽ ነው?» አለችኝ።

«ልብ ወለድ ጽፌ ነው።»

«ማን አዘዘሽ?»

እውነቷን እኮ ነው፣ ማንም አላዘዘኝም! ውል የለ፣ ደብዳቤ የለ። አርታኢው ማዘዣ ጻፈልኝ። ከዚያ ቼክ ፈራሚው ፊልድ ወጣ። ሲመለስ ደግሞ ቼክ አልቋል ተባለ። የታክሲውን ተይው። በመጨረሻ ሁሉም ተሟላ ስል «ቲን ቁጥር አለሽ?» አለችኝ፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማለቷ ነው። የለኝም። «እንግዲያው 30 በመቶ ይቆረጣል።»

ቤቴ ገብቼ የገቢ ግብር አዋጁን፣ ቁጥር 979/2008ን፣ ፈለግሁ። ቲን ለሌለው 30 በመቶ መያዙ እውነት ነው፤ ነገር ግን የአገልግሎት ክፍያው ከ3,000 ብር ሲበልጥ ነው። ገጹን አሳትሜ፣ በቀይ አስምሬ፣ ስኒው አጠገብ አኖርኩላት። «አንቺ ደራሲ ነሽ ጠበቃ?» አለች። ጫጫታውን የሰማው ሥራ አስኪያጅ ብቅ ብሎ «ከፔቲ ካሽ ስጧትና ትሂድ» አለ። ሙሉውን ቆጥሬ ተቀበልኩ። እስካሁን ከጻፍኩት ሁሉ የምኮራበት ገጽ ያ ያሰመርኩበት ነው ብልሽ አላጋነንኩም።

አዋጁ በ2017 ተሻሽሏል፣ ስለዚህ የኔን ቁጥር ይዘሽ እንዳትከራከሪ። ቲን አውጪ፣ ነገሩም ይለቅሻል። ከሁሉ በፊት ግን ገና ሳይታተም ለአርታኢው አጭር ኢሜይል ጻፊ። ስንት ነው፣ መቼ ነው፣ የሚፈርመው ማን ነው? «እሺ» ብሎ ይመልስልሽ። ያንን አትመሽ ነው ኮሪደሩን የምትሄጂው። ቅር ይለዋል ብለሽ አትሸማቀቂ። እሱም ደመወዙን የሚቀበለው ከዚያችው ሴትዮ ነው።

5. እዚያው ኢሜይል ላይ «ለአንድ ጊዜ ኅትመት ብቻ» የምትል ሐረግ ጨምሪ። ነገ ስብስብ መጽሐፍ ስታወጪ ማንንም አትለምኚም። የቅጂ መብት አዋጁ፣ 410/1996 ማለቴ ነው፣ ሥራሽን ገና ስትጽፊው ጀምሮ ይጠብቀዋል፤ ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። ይህን የማውቀው በምክንያት ነው። ያችው ታሪኬ አንድ ቀን ዩቲዩብ ላይ ስትተረክ ሰማኋት። ከኋላ ዝናብና ዋሽንት አለ፣ ስሜ የለም። «ከማኅበራዊ ሚዲያ የተገኘ» ይላል። አስተያየት ጻፍኩ፣ አጠፉት። ለዩቲዩብ የቅጂ መብት አቤቱታውን ሞልቼ ላክሁ፣ ቪዲዮው ከዩቲዩብ ተነሣ።

ታሪኬን የተረከው ልጅ በውስጥ መስመር መጣ። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ይቅርታ ጠየቀ፣ ቀጥሎ ሌላ ታሪክ እንዳለኝ ጠየቀ። ድምፁ ደግሞ ያምራል፣ አልዋሽም። አሁን ለእሱ እሸጣለሁ። ስሜን መግቢያው ላይ ይጠራል፣ ከመጽሔቱ የተሻለ ይከፍላል። ሂሳቡንም ትረካው ከመለቀቁ በፊት በቴሌብር ይልካል። ከፈለግሽ አገናኝሻለሁ፣ መጀመሪያ ግን ቲኗን አውጪ።