የምንሸሻቸው ነገሮች፦ በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖቼ ስለ ፍርሃት

በውጭ አገር የሚኖር ወገናችን ስለ ሥራው፣ ስለ መኖሪያ ፈቃዱና ስለ ልጆቹ ትምህርት በየጊዜው ይጠየቃል፤ ስለሚፈራው ነገር ግን የሚጠይቀው የለም፣ እሱም ሆድ ይፍጀው ብሎ ይዞት ይኖራል። በስደት ረጅም ዘመን የኖርኩና የብዙዎችን ኑሮ በቅርብ የተመለከትኩ እንደመሆኔ፣ የሰውን ሕይወት ከደመወዙና ከዲግሪው ባልተናነሰ የሚወስነው የሚሸሸው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ስልክ መደወል የሚሸሽ፣ ደብዳቤ መክፈት የሚሸሽ፣ ሐኪም ቤት መሄድ የሚሸሽ፣ ስብሰባ ላይ መናገር የሚሸሽ ሰው አለ። እያንዳንዱ ሽሽት ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው፤ ሲደማመር ግን ሰውዬው የት እንደሚሠራ፣ ከማን ጋር እንደሚውልና ምን ያህል እንደሚያገኝ የሚወስንለት ያ ሽሽት ይሆናል። ባዕድ አገር ደግሞ ለሽሽት ይመቻል፤ ለምን ቀረህ ብሎ በር የሚያንኳኳ ስለሌለ፣ ከቤትና ከሥራ በቀር የትም ሳይሄዱ ዓመታት ማሳለፍ ይቻላል።

ፍርሃት ራሱ ነውር እንዳልሆነ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው ሥራ እንዳስረዳው፣ አደጋ የተሰማው ሰውነት ለመታገል ወይም ለመሸሽ ይዘጋጃል፤ አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ወደ ደም ይረጫል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ደም ከሆድ ዕቃ ወደ ጡንቻ ይዞራል። ይህን ዝግጅት ከሚያስነሡት የአንጎል ክፍሎች አንዱ አሚግዳላ የሚባለው ሲሆን፣ ሥራውን የሚጀምረው እኛ ነገሩን አስበን ሳንጨርስ ነው። ዝግጅቱ ታዲያ አውሬንና የማናውቀውን የስልክ ቁጥር አይለይም። እንግዳ ቁጥር ሲደውልለት አፉ የሚደርቅ፣ መዳፉ የሚያልብ፣ በደንብ የሚያውቀው ቋንቋ ከአእምሮው ብን ብሎ የሚጠፋበት ሰው ሰውነቱ ለሩጫ ተሰናድቶ የሚሮጥበት አጥቷል ማለት ነው። «አይዞህ፣ ምንም የለም» የሚለው ምክር ብዙ ጊዜ የማይሠራውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የተናወጠው ሰውነት በቃል ብቻ አይረጋም።

አብዛኛው ፍርሃት ከደረሰብን ነገር የምንማረው ነው። ጆን ዋትሰንና ሮዛሊ ሬይነር እ.ኤ.አ. በ1920 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ ዛሬ ማንም የማይፈቅደውን ሙከራ አድርገው ነበር። አልበርት ብለው የጠሩት የ11 ወር ሕፃን ነጭ አይጥ ሊነካ እጁን ሲዘረጋ ከኋላው ብረት በመዶሻ እየመቱ ያስደነግጡታል፤ ጥቂት ከተደጋገመ በኋላ ሕፃኑ አይጧን ሲያይ ብቻ ማልቀስ ጀመረ፣ ቀጥሎም ጥንቸልና ፀጉራም ካፖርት ጭምር ፈራ። የኛ ሰው ይህን እባብ ያየ በልጥ በረየ ብሎ ያለ ቤተ ሙከራ ደርሶበታል። በአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት የተዋረደ ሰው መስኮት ሁሉ ያስፈራዋል፤ ዩኒፎርም ከለበሰ ሰው ክፉ የደረሰበት፣ ሰላም ብሎ ከሚያልፈው የባቡር ተቆጣጣሪ ፊት እንኳ ትኬቱን በኪሱ ይዞ ይንቀጠቀጣል።

ብዙዎች ሲያፍሩበት የማየው ሌላም ነገር አለ። በአገሩ ደፋር የነበረ፣ በሰው ፊት ቆሞ ያስተምር ወይም ይከራከር የነበረ ሰው፣ እዚህ ሲመጣ ድምፁ ይጠፋና «እኔ እኮ እንዲህ አልነበርኩም» ይላል። ባሕርዩ የተለወጠ ይመስለዋል እንጂ የተለወጠው ቦታው ነው። ማርክ ቡተን የተባለው ሳይንቲስት ከባልደረቦቹ ጋር በእንስሳት ላይ ባደረገው የረጅም ጊዜ ጥናት፣ በአንድ ክፍል ውስጥ እንዲጠፋ የተደረገ ፍርሃት፣ እንስሳው ክፍሉን ሲለውጥ ተመልሶ እንደሚመጣ አሳይቷል። ፍርሃት ሲሸነፍ አይፋቅም፤ በላዩ አዲስ ትምህርት ይደረብበታል፣ ያ ትምህርት ደግሞ ከተማርንበት ቦታ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ በልጅነታችሁ ያሸነፋችሁት ዓይን አፋርነት በስደት ቢመለስ አትደንግጡ፤ ያኔ የሠራችሁትን ሥራ በአዲሱ ቦታ እንደገና መሥራት ይጠበቅባችኋል፣ ሁለተኛው ጊዜ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ያጥራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሆባርት ማውረር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1947 ያቀረበው ሐሳብ፣ ፍርሃትን አንዴ ከተማርነው በኋላ ዕድሜውን የሚያራዝምለት ሽሽት ነው የሚል ነበር። ከሚያስፈራን ነገር ዞር ስንል ወዲያው እፎይ እንላለን፤ ያ እፎይታ ሽልማት ይሆንና በሚቀጥለው ጊዜ የበለጠ እንሸሻለን፤ የፈራነው ነገር ያን ያህል እንዳልነበረ የምናይበትን ዕድልም በገዛ እጃችን እንዘጋለን። እፎይታው ወለዱ በየቀኑ እንደሚጨምር ብድር ነው።

እንደ እህቴ የማያት አንዲት ሴት ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚመጣላትን ደብዳቤ ሁሉ ሳትከፍት ማቀዝቀዣው ላይ ትደረድር ነበር። ፖስታውን ስታይ ሆዷ ይገለባበጣል፤ «ነገ ተረጋግቼ አነበዋለሁ» ትልና ከሌሎቹ በላይ ታስቀምጠዋለች። ቁልሉ ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ማእድ ቤት መግባት ራሱ እየከበዳት ሄደ። በመጨረሻ አብረን ቁጭ ብለን አንድ በአንድ ስንከፍታቸው አብዛኞቹ ማሳወቂያዎች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ተመላሽ ገንዘብ እንዳላት የሚናገር ነበር፤ አንደኛው ግን የምር ነበር፣ ይግባኝ ማለት የሚቻልበት ቀን አልፎበት ነበር። ከደብዳቤዎቹ ሁሉ የጎዳት ያ አንዱ ነው፤ እሱም የጎዳት ስላልተከፈተ ነው። ለዚህ የምመክረው ደብዳቤ በመጣበት ቀን፣ ቆማችሁ፣ ጫማ ሳታወልቁ እንድትከፍቱት ነው። መመለስ ግድ አይደለም፤ ቀኑን አይቶ ቀን መቁጠሪያ ላይ መጻፍ ለዕለቱ ይበቃል።

ከሁሉ በላይ ተስፋፍቶ የማየው ግን የሰው ዓይን ፍርሃት ነው፤ አነጋገሬ ይሳቅበት ይሆን፣ ስሳሳት ምን ይሉኛል የሚለው። ይሉኝታ በልክ ሲሆን ሰውን ከሰው የሚያኗኗር ጸጋ ነው፤ ስብሰባ ላይ አፍ ሲለጉም ግን እንጀራ ይነጥቃል፤ ሐሳቡን ያፈለቀው ሰው ዝም ሲል ጎን የተቀመጠው አንሥቶት ይመሰገንበታል። ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የሚያሳፍር የዘፋኝ ሥዕል ያለበት ካናቴራ አልብሰው ሌሎች ተማሪዎች ወዳሉበት ክፍል አስገቧቸው። የለበሱት ከክፍሉ ግማሽ ያህሉ እንዳስተዋለባቸው ገመቱ፤ ያስተዋለው ግን ሩብ ገደማ ብቻ ነበር። ሰው ሁሉ በራሱ ካናቴራ ተጠምዷል። በተግባር የሚረዳው በስብሰባ መጀመሪያ ላይ፣ ልብ ገና ሳይፈጥን፣ አንዲት አጭር ጥያቄ መጠየቅ ነው፤ ተራ እየጠበቁ ዓረፍተ ነገር ሲያሳምሩ መቆየት ፍርሃቱን ብቻ ያሳድገዋል። «እባክዎ ይድገሙልኝ» ማለትም ማንንም አያሳንስም፤ ያልገባውን እንደገባው አድርጎ ራሱን ነቅንቆ የወጣ ሰው የሚከፍለው ዋጋ እጅግ ይበልጣል።

የማጣት ፍርሃት ሌላው ነው። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳሳዩት፣ ሰው አንድን ነገር ሲያጣ የሚሰማው ሕመም ያንኑ ያህል ሲያገኝ ከሚሰማው ደስታ ይበልጣል። የሚያሳምመውን ሥራ ለዓመታት ይዞ የሚቆይ፣ የተሻለ ቦታ ሲጠቁሙት «ይህንንስ ባጣው?» የሚል ሰው ብዙ ነው። እዚህ ላይ ግን እንደ ሌሎች መካሪዎች «ድፈሩ» ብዬ አላልፍም፤ ብዙ ሰው እጁን የሚጠብቀው ሰው ጥንቃቄ ቢያበዛ ፈሪ ለእናቱ ይባልለታል። መለያው ቀላል ነው፦ የተጠነቀቀ ሰው አዲሱን ሥራ አጣርቶ፣ ቁጥሩን አስልቶ እምቢ ይላል፤ የሸሸ ሰው ግን ማስታወቂያውን እንኳ አንብቦ አልጨረሰም።

ፍርሃት የአደጋን መጠን የሚለካበት መንገድም የተዛባ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2001 በአሜሪካ ከደረሰው የአውሮፕላን ጥቃት በኋላ ብዙ ሰው መብረር ትቶ በመኪና መጓዝ ጀመረ፤ ጀርመናዊው ተመራማሪ ጌርድ ጊገሬንዘር በተከታዩ ዓመት በዚህ ምክንያት 1,500 ያህል ተጨማሪ ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደሞቱ ገምቷል። በጤና ነገር የምናደርገው ከዚህ አይለይም። የሚያስፈራን የምርመራው ውጤት ነው፤ የሚገድለው ግን ያልተመረመረው የደም ግፊት ነው፣ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይም። መርፌና ደም ሲያዩ የሚዝለፈለፉ ሰዎች ካሉ አንድ ነገር ይወቁ፦ በዚህ ዓይነቱ ፍርሃት የደም ግፊት መጀመሪያ ከፍ ብሎ ድንገት ስለሚወርድ፣ ጡንቻን ዘና ማድረግ አይረዳም፤ የእጅ፣ የእግርና የሆድ ጡንቻን ለጥቂት ሰኮንዶች አጥብቆ መወጠር፣ ከዚያ ለቀቅ አድርጎ መድገም ነው ከመውደቅ የሚያድነው። ነርሷንም አስቀድሞ መንገርና ጋደም ማለት ይቻላል።

ሌሊት ስልክ ሲጮኽ የሚሰማንን ድንጋጤ ለእናንተ መግለጽ አያስፈልገኝም። የሩቅ ወገን ፍርሃት ከሌሎቹ የሚለየው ምክንያቱ እውነተኛ በመሆኑ ነው፤ በፍርሃቱ የምናደርገው ነገር ግን ሁልጊዜ አይጠቅምም። ሌሊቱን ሙሉ ዜና ማሰስ፣ በቀን አሥር ጊዜ ደውሎ «ደህና ናችሁ?» ማለት ለጊዜው ልብን ያሳርፋል፤ ማረጋገጫው ግን ቶሎ ያልቅና ሌላ ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ ይህም የሽሽት አንዱ መልክ ነው። የተሻለው የመደወያ ሰዓት ወስኖ እሱን መጠበቅ፣ ክፉ ወሬ ቢመጣ መጀመሪያ ለማን እንደሚነገር ከቤተሰብ ጋር መስማማት፣ ከዚያ በኋላ ስልኩን ከመኝታ ክፍል ማውጣት ነው። በባዕድ አገር ብቻዬን እሞታለሁ የሚለውን ፍርሃትም በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ማቅለል ይቻላል፤ ማን ይጠራ፣ ሰነዶቹ የት ናቸው፣ ምን ይደረግ የሚሉት ተጽፈው ለአንድ የታመነ ሰው ይሰጡ።

ልጆች ያሏችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በ1985 በታተመ ጥናት፣ የአንድ ዓመት ሕፃናት ከሥሩ ገደል ያለ በሚያስመስል፣ ወደ ታች በሚያሳይ መስተዋት ጫፍ ላይ ተቀምጠው ከወዲያ ማዶ የእናታቸውን ፊት እንዲያዩ ተደርጎ ነበር። እናቶቹ ፈገግ ካሉላቸው 19 ሕፃናት 14ቱ ተሻገሩ፤ የፍርሃት ፊት ካዩት 17 ሕፃናት አንድም የተሻገረ የለም። ልጃችሁን ይዛችሁ መሥሪያ ቤት ስትገቡ እሱም የሚያነበው ፊታችሁን ነው። በዘጠኝ ዓመቱ ለእናቱ እያስተረጎመ፣ ከጸሐፊዋ ቃል ይልቅ የእናቱን የሚንቀጠቀጥ እጅ የሚመለከት ልጅ አይቻለሁ፤ ከቋንቋው ጋር ፍርሃቱንም እየተማረ ነበር።

መፍትሔው አዲስ አይደለም። ሜሪ ከቨር ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1924 ጥንቸል የሚፈራውን ፒተር የተባለ ሕፃን የረዳችው ጥንቸሉን በትንሽ በትንሹ፣ ሕፃኑ የሚወደውን እየበላ፣ በማቅረብ ነበር፤ በመጨረሻ ሕፃኑ ጥንቸሉን ዳበሰ። ስልክ የሚፈራ ሰውም እንዲሁ ደረጃ ይሥራ። መጀመሪያ የሚለውን ጽፎ ለብቻው ጮክ ብሎ ያንብበው፤ ቀጥሎ የሥራ ሰዓታቸውን ለመጠየቅ ብቻ ወደማያውቀው ቤተ መጻሕፍት ይደውል፤ ከዚያ ቀጠሮ ይቀይር፤ ቅሬታ ማቅረቡ መጨረሻ ይምጣ። እያንዳንዱ ደረጃ እስኪሰለች ይደገም፣ በየቦታውም ይሞከር፤ በአንድ ቦታ ብቻ የተማርነው ወደ ሌላው እንደማይሻገር ከላይ ተናግሬአለሁ። ፍርሃቱ ጫፍ ላይ ሳለ ስልኩን መዝጋት ግን ሽሽቱን መሸለም ስለሆነ፣ ልብ ትንሽ እስኪበርድ መስመሩ ላይ መቆየት ያስፈልጋል። ለድፍረት ተብሎ የሚጠጣውም አይጠቅምም፤ ድፍረቱን ሰውዬው ለመጠጡ እንጂ ለራሱ አይቆጥረውም።

ይህ ሁሉ ለዕለት ተዕለት ፍርሃት ነው። እስር፣ ጦርነት ወይም የበረሃና የባሕር መንገድ አልፎ የመጣ፣ ያለፈው በቅዠት የሚመለስበት፣ ወይም ፍርሃቱ ከስድስት ወር በላይ ቆይቶ ሥራና እንቅልፍ የነሣው ሰው ለብቻው ደረጃ ልውጣ አይበል፤ የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልገዋል። በብዙ አገሮች ሆስፒታሎች አስተርጓሚ ያቀርባሉ፣ ስለዚህ ቀጠሮ ሲይዝ አስተርጓሚ እንደሚፈልግ ይናገር፣ ልጁን ወይም ጎረቤቱን ለዚህ አይውሰድ። አስተርጓሚው የሚያውቀው ሰው ሆኖ ምስጢሬ ይወጣል ብሎ የሚሰጋ ካለ፣ በስልክ የሚያስተረጉም ከሌላ ከተማ እንዲሆንለት መጠየቅ ይችላል። ከመሄዱም በፊት የሚፈራውን ነገር፣ በዚያ ምክንያት ማድረግ የተወውንና የተወበትን ጊዜ በወረቀት ይጻፍ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለነዚህ ነው፣ በዚያች ሰዓት ደግሞ አፍ እንደሚደርቅ እናውቃለን።